ሶስና በእጅ ስልክ ዘመን



በዚህ ዕትም የምናጠናው ጉዳይ በየቤታችን ያለ፣ በጉባኤ ግን ብዙ ጊዜ የማይነሣ ነው። ሴቶች ልጆቻችንና እኅቶቻችን በእጅ ስልክና በኢንተርኔት አማካይነት ስለሚደርስባቸው ስድብ፣ ማስፈራራትና ማዋረድ፣ እንዲሁም ይህን በመፍራት ስለሚያጡት መብት እንነጋገራለን። ጥናቱ በሁለት ወይም በሦስት ስብሰባ ተከፍሎ ቢሰጥ ይመረጣል። በመጨረሻም ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎችን አስቀምጠናል።

ልናስተላልፈው የምንሻው ዋና አሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ በምስሏና በስሟ የሚያስፈራሯት ልጅ ተበዳይ ናት። ስለዚህ ስልኳን መንጠቅ እርሷን ሁለተኛ ጊዜ መቅጣት ነው፤ ኀፍረቱ መመለስ ያለበት ወደ አስፈራሪው ነው።

ሀ. መንገዱ ለማን ተከፈተ?

ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በጥር ወር 1989 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ጊዜ የጥቂት መሥሪያ ቤቶችና የጥቂት ባለጸጎች መገልገያ ስለ ነበር፣ በአርባ ምንጭም ሆነ በጋሞ ደጋ ለሚኖር ሰው ሩቅ ነገር ነበር። ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀመረ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት መስጠት ሲጀምር፣ ለረጅም ዘመን በአንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ተይዞ የኖረው የቴሌኮም ሥራ ሁለተኛ አቅራቢ አገኘ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በኢንተርኔትና በቴሌግራም ይታያል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም ከተፈታኞቹ ከፊሎቹ ፈተናውን ራሱን በኮምፒዩተር ወስደዋል።

ይህ ለሴቶች ምን ማለት እንደ ሆነ ከአካባቢያችን ኑሮ እንመልከት። በላንቴ ወይም በምዕራብ አባያ ሙዝ የምታመርት እናት፣ መኪናው ከመጫኑ በፊት የአዲስ አበባን ዋጋ በስልክ ጠይቃ ለማወቅ ትችላለች። ባሏ ወይም ወንድሟ ሽሮ ሜዳ ወርዶ የሚሸምን የዶርዜ ሴት የተላከላትን ገንዘብ በስልኳ ትቀበላለች። በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በአባያ ካምፓስ የምትማር ወጣት የትምህርት ማስታወሻዋን ከክፍል ጓደኞቿ የምታገኘው በስልክ ነው። ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሄደች ልጅም የእናቷን ፊት የምታየው በዚሁ መስኮት ነው። እንግዲህ ኢንተርኔት እንደ ገበያ፣ እንደ ትምህርት ቤትና እንደ አደባባይ ሆኗል። ሴት ልጅ ከገበያ፣ ከትምህርት ቤትና ከአደባባይ እንድትቀር ማድረግ ትክክል ካልሆነ፣ ከዚህም እንድትቀር ማድረግ ትክክል ሊሆን አይችልም።

ነገር ግን መንገዱ ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች መካከል ማንበብ የሚችሉት ከመቶ 42 ሲሆኑ፣ በተመሳሳይ ዕድሜ ከሚገኙ ወንዶች መካከል ግን ከመቶ 69 ነበሩ። ማንበብ ላልተማረ ሰው ስልኩ ቢኖርም መንገዱ ግማሽ ብቻ ነው። በብዙ ቤት ደግሞ ያለው አንድ ስልክ በአባት ወይም በወንድም ኪስ ይውላል። ውኃ ከምትቀዳውና እንጨት ከምትለቅመው ልጅ ዘንድ የሚደርሰው መሽቶ፣ ያውም በፈቃድ ነው።

ለ. በመንገዱ ላይ የሚሸምቀው

ይህን ሁሉ አልፋ ስልክ ለመያዝ የበቃች ሴት በመንገዱ ላይ የሚሸምቅባት አለ። ጥቃቱ ብዙ መልክ አለው። አንዱ የማይፈልጉትን መልእክትና አስነዋሪ ምስል እየደጋገመ መላክ ነው። ሌላው በሴቲቱ ስም ሐሰተኛ ገጽ ከፍቶ እርሷ ያልተናገረችውን መናገር ነው። ሦስተኛው በመተማመን የተላከን ፎቶግራፍ ይዞ፣ «ገንዘብ ካልሰጠሽኝ» ወይም «እንደ ገና ወደ እኔ ካልመጣሽ ለአባትሽ እልከዋለሁ» ብሎ ማስፈራራት ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌላ ተጨምሯል፤ ልጅቱ ፈጽሞ ያልተነሣችውን እርቃን ምስል በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፈብርኮ ማሰራጨት ይቻላል። በአደባባይ የሚናገሩ ሴቶች፣ ማለትም ጋዜጠኞች፣ የመብት ተሟጋቾችና በፖለቲካ ውስጥ ያሉ፣ በአሳባቸው ከመተቸት ይልቅ በአካላቸውና በጾታቸው ይሰደባሉ።

ሴንተር ፎር ኢንፎርሜሽን ሪዚሊየንስ የተባለ የእንግሊዝ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ስለ አገራችን ባወጣው ጥናት፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ በማኅበራዊ መገናኛዎች የሚጻፈውን መርምሮ፣ እንዲህ ያለው ጥቃት በኢትዮጵያ የተስፋፋ መሆኑንና እንደ ተራ ነገር መታየቱን አመልክቷል። ጥቃቱ በስልኩ ውስጥ እንደማይቀር፣ ሴቶችን ለዝምታ፣ አንዳንዶቹንም አገር ጥሎ ለመውጣት እንደሚያደርስ ከራሳቸው አንደበት ተሰምቷል።

ቋንቋችን በዚህ ረገድ የሚያስተምረን ነገር አለ። የሰው የኢንተርኔት ገጽ በሌላ እጅ ሲገባ «ተጠለፈ» እንላለን። ጠለፋ የሚለውን ቃል ግን አያቶቻችን በሌላ ነገር ያውቁታል። ጠላፊው ልጅቱን በጉልበት ወስዶ ክብሯን ካጎደፈ በኋላ፣ «ከእንግዲህ ማን ያገባሻል?» በሚል ፍርሃት ያስራት ነበር። ቤተሰቧም ነውሩን ለመሸፈን ሲሉ ለበደላት ሰው ይድሯት ነበር። የዛሬው አስፈራሪ ፈረስ አያስፈልገውም፤ የሚጠቀምበት ገመድ ግን ያው የኀፍረት ገመድ ነው። ገመዱን የሚያጠብቀውም እርሱ ብቻ አይደለም፤ የምናማ፣ የምንስቅና ምስሉን የምናስተላልፍ ሁላችን ነን።

ሐ. ከቅዱስ መጽሐፍ፦ የሶስና ፈተና

በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 13 የተጻፈውን የሶስናን ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በባቢሎን የምትኖር እግዚአብሔርን የምትፈራ ሴት ነበረች። ለፈራጅነት የተሾሙ ሁለት ሽማግሌዎች ተመኟት፤ በአትክልቱ ስፍራ ተደብቀው ሲጠባበቁ ቆይተው ብቻዋን ባገኟት ጊዜ ምርጫ አቀረቡላት። ከእነርሱ ጋር ብትተኛ ነገሩ ተሰውሮ ይቀራል፤ እምቢ ብትል ከአንድ ጎልማሳ ጋር አገኘናት ብለው ይመሰክሩባታል፤ ፍርዱም ሞት ነው። ሶስና በሁለቱም በኩል እንደ ተከበበች ተረዳች፤ ሆኖም በእግዚአብሔር ፊት ኃጢአት ከመሥራት ይልቅ በእጃቸው መውደቅን መርጣ ጮኸች።

መምህራን በዚህ ክፍል ላይ ሦስት ነገር እንዲያስገነዝቡ እንመክራለን።

አንደኛ፣ የሽማግሌዎቹ መሣሪያ ሰይፍ አልነበረም። መሣሪያቸው የሴቲቱ ስም ነበር። «ስምሽን እናጠፋለን» የሚለው ዛቻ ዛሬ በቴሌግራም ከሚላከው ጋር አንድ ነው።

ሁለተኛ፣ ጉባኤው ወዲያው አመነ። የከሰሱት የተከበሩ ወንዶች፣ የተከሰሰችው ሴት ስለ ነበረች ማንም አልጠየቀም። ቤተሰቧ አለቀሱ፤ ነገር ግን ማልቀስ ብቻውን ፍርዱን አላስቆመም። ፊቷም ተገልጦ በሰው ፊት እንዲቆም ተደርጎ ነበር፤ በዚህም ጊዜ የተመለከቷት ሁሉ የማዋረዱ ተካፋዮች ሆኑ።

ሦስተኛ፣ ዳንኤል ያደረገው ነገር ቀላል ነበር። ገና ወጣት ሳለ በዚህ ደም እጄ የለበትም ብሎ ሕዝቡን አስቆመ። ከዚያም ሁለቱን ምስክሮች ለየብቻ አድርጎ የት ዛፍ ሥር እንዳዩአት ጠየቃቸው፤ አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠራ። ሐሰታቸው በገዛ አንደበታቸው ተገለጠ። ዳንኤል ማስረጃን መረመረ፤ በተሰብሳቢው ስሜትም አልተነዳም። እንዲህ ያለው ምርመራ ንጹሕን ሰው ሁሉ፣ በሐሰት የተከሰሰ ወንድ ቢሆን እንኳ፣ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ከወላጆች የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ «ሶስና ንጽሕት ነበረች፤ ልጃችን ግን ፎቶግራፉን ራሷ ልካለች። ጥፋቱ የእርሷ አይደለምን?» ጥያቄው መልስ ይገባዋል። ቤተ ክርስቲያን ወጣቶችን ስለ ንጽሕና ማስተማሯን አትተውም፤ አካላቸውም የእግዚአብሔር መቅደስ መሆኑን ታሳስባቸዋለች። ይሁን እንጂ አለማስተዋልና ወንጀል አንድ አይደሉም። በሯን ሳትቆልፍ የተኛች መበለት ብትዘረፍ ሌባው ነጻ አይወጣም። ጌታችንም በምንዝር የተያዘችውን ሴት ባመጡበት ጊዜ፣ ድንጋይ የጨበጡትን ሰዎች አስቀድሞ ወደ ገዛ ልባቸው መለሳቸው፤ ለሴቲቱ ምክር የሰጣት እነርሱ ከሄዱ በኋላ ነበር። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንጠብቅ፦ በመጀመሪያ ድንጋዩ ይውረድ፤ ምክሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

መ. ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ሴቶች ክብር ሐዋርያዊ መልእክት ጽፈዋል። በሰኔ ወር 1995 ደግሞ ከቤይጂንጉ ዓለም አቀፍ ጉባኤ በፊት ለመላው ዓለም ሴቶች በላኩት ደብዳቤ በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን ጾታዊ ጥቃት አውግዘዋል። እኚሁ አባት እ.ኤ.አ. ለ2002 የማኅበራዊ መገናኛ ቀን ባስተላለፉት መልእክት ኢንተርኔትን ወንጌል የሚሰበክበት አዲስ አደባባይ አድርገው ተመልክተውታል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን መሣሪያውን እንደ ርኩስ ነገር አልቆጠረችውም።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2019 ለወጣቶች በጻፉት መልእክት፣ ይህ አዲስ ዓለም የመገናኛና የመደጋገፊያ ስፍራ የመሆኑን ያህል የብቸኝነት፣ የብዝበዛና የጥቃት ስፍራም ሊሆን እንደሚችል አሳስበዋል። በሚያዝያ ወር 2024 በቫቲካን የእምነት አስተምህሮ ጽሕፈት ቤት በኩል የወጣው «ዲግኒታስ ኢንፊኒታ» የተባለው ሰነድ ደግሞ የሰውን ክብር በከባድ ሁኔታ የሚጥሱ ድርጊቶችን ሲዘረዝር፣ በሴቶች ላይ የሚደርስን ጥቃትና በዲጂታል መገናኛ የሚፈጸምን ጥቃት ሁለቱንም አካቷል። እንግዲህ በስልክ ሰውን ማዋረድ ቀልድ ወይም የወጣትነት ጨዋታ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ለንስሐ የሚያበቃ፣ የተበላሸውንም ስም ማቃናትን የሚጠይቅ ኃጢአት ነው።

ሠ. የአገሪቱ ሕግ

ምእመናን ስለ ሕጉ ማወቅ ይጠቅማቸዋል፤ ማስፈራራት የሚያድገው ተበዳይዋ መብቷን በማታውቅበት ቤት ነውና።

በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 የሰውን ክብርና መልካም ስም፣ በአንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግን ግንኙነት ጨምሮ የግል ሕይወትን፣ በአንቀጽ 35 ደግሞ የሴቶችን እኩልነት ይጠብቃል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 ሰውን በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በምስል ማስፈራራትን፣ መልእክት እየደጋገሙ በመላክ ማስጨነቅንና ስም ማጥፋትን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። በተደጋጋሚ መልእክት ሰውን ለፍርሃት ወይም ለሥነ ልቡና ጫና የሚዳርግ ሰው፣ ነገሩ ከባድ ሲሆን፣ እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን የሚመለከተው በአንቀጽ 12 ለብቻው ተደንግጓል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም ጾታን መሠረት ያደረገ ጥላቻን ይጨምራል።

ሕግ ልማድን ሊለውጥ እንደሚችል ከጠለፋ ታሪክ እንማራለን። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቱን ካገባ ከቅጣት ሊያመልጥ ይችል ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን ይህን በር ዘግቶ፣ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ አደረገ። ትናንት «ባህል ነው» ይባል የነበረው ዛሬ ወንጀል ተብሎ ይጠራል። «በስልክ መቀለድ ነው» የሚባለውም እንዲሁ በትክክለኛ ስሙ መጠራት አለበት።

ይሁንና ሕጉ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ከላይ የጠቀስነው የ2008 ዓ.ም. ጥናት እንደሚያሳየው፣ አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል እርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም አልተናገሩም። ቁስሉ በሚታይበት በደል ዝምታው ይህን ያህል ከሆነ፣ ቁስሉ በማይታየው እንዴት አይበዛ?

ረ. እርጥብ ሣር የሚይዘው ማን ነው?

በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በጋሞ ተወላጆች ላይ የደረሰው እልቂት በአርባ ምንጭ በተሰማ ጊዜ የሆነውን ሁላችን እናስታውሳለን። የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ሣሩን አልፈው አልሄዱም። አገር ሁሉ ያደነቀው ይህ ታሪክ፣ የተቆጣ ሕዝብ ሊቆም እንደሚችል ምስክር ነው።

የአንዲት ልጅ ምስል ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሚሰበሰበውም ሕዝብ ነው፤ ጩኸቱ ስለማይሰማ ብቻ ሕዝብነቱ አይቀርም። ምስሉ ሲደርሰው «እኔ አላስተላልፍም» ብሎ የሚያጠፋ፣ ላኪውንም «ይህ ነውር ነው» ብሎ የሚገሥጽ እያንዳንዱ ሰው እርጥብ ሣር እንደ ያዘ ሽማግሌ ነው። ዱቡሻ ላይ ተቀምጦ አገር የሚያስታርቅ አባት በቤቱ ልጁ ስለ ጓደኛዋ በስልክ የሚጽፈውን ሊጠይቅ ይገባዋል።

አንድ ማሳሰቢያ ግን እናክላለን። የእርቅ ሥርዓታችን ታላቅ ሀብት ቢሆንም፣ በደልን ለመሸፈን መዋል የለበትም። የሁለት ቤተሰብ ወንዶች ተቀምጠው ካሣ ተቀባብለው «ነገሩ አልቋል» ሲሉ፣ ልጅቱ ያልተጠየቀችበት እርቅ ለእርሷ እርቅ አይሆንም። ምስሉ በአስፈራሪው ስልክ ውስጥ እስካለ ድረስ ጦሩ አልወረደም። ይቅርታ የክርስቲያን ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ይቅርታ ፍትሕን አያስቀርም፤ ማንም ልጅቱን በችኮላ «ይቅር በይ» ብሎ ሊያስገድዳት አይገባም።

ሰ. ምን እናድርግ?

ለተበዳይዋ፦ አስፈራሪው ገንዘብ ወይም ሌላ ምስል ቢጠይቅ አትስጪ፤ አንዴ ያገኘ ተመልሶ ይጠይቃልና። መልእክቶቹን ከመደምሰስሽ በፊት የስልኩን ገጽ ፎቶ አንሥተሽ፣ የላኪውን ስም፣ ስልክ ቁጥርና ቀኑን ጨምረሽ አስቀምጪ። ዳንኤል ያሸነፈው በማስረጃ ነበር። ከዚያ በኋላ ላኪውን ዝጊው፤ ለድርጅቱም አመልክቺ። ለምታምኛቸው ሰዎች ንገሪ፤ ለፖሊስና ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ማመልከት ትችያለሽ። ዕድሜያቸው 18 ዓመት ለሞላ ስቶፕ ኤን.ሲ.አይ.አይ.፣ ላልሞላቸው ደግሞ ቴክ ኢት ዳውን የተባሉ ነጻ ዓለም አቀፍ አገልግሎቶች አሉ። እነዚህ ምስሉ ራሱ ከስልክሽ ሳይወጣ የምስሉን መለያ ቁጥር ብቻ ወስደው፣ በአሠራሩ በሚሳተፉ መገናኛዎች ላይ እንዳይለጠፍ ይረዳሉ።

ለሁሉም፦ በአጭር መልእክት የሚደርሰንን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አንስጥ። በቴሌግራምና በዋትስአፕ ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል እናኑር። ስልክ ቁጥራችንንና ፎቶግራፋችንን ማን እንደሚያይ፣ ማን በቡድን ውስጥ እንደሚያስገባን በማስተካከያው ውስጥ እንወስን።

ለወላጆች፦ ልጃችሁ እያለቀሰች ብትመጣ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ከአንቺ ጋር ነን» የሚል ይሁን። ስልኳን ብትነጥቁ፣ ከትምህርት ቤትም ብታስቀሩ አስፈራሪው የፈለገውን አደረጋችሁለት። ከዚህም የከፋው፣ ታናሽ እኅቷ ይህን አይታ በእርሷ ላይ በደረሰ ጊዜ አትነግራችሁም።

ለመምህራን፦ የሰማችሁትን ምስጢር ጠብቁ፤ የልጅቱን ስም በጸሎት ማሳሰቢያም ቢሆን አትጥሩ። ምስሉን ለማየት አትጠይቁ። ብቻችሁን አትሸከሙት፤ በልጅቱ ፈቃድ ወደ ቆሞስ፣ ወደ ደናግል ወይም ወደ ሕግ ባለሙያ አድርሱ። ልጅቱ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ከሆነች ወይም ሕይወቷ የሚያሰጋ ከሆነ ግን አትዘግዩ። ይህን ትምህርት ለሴቶች ልጆች ብቻ አትስጡ፤ ወንዶች ልጆች ይልቁን ይፈልጉታል። ሽማግሌዎቹ ወደ አትክልቱ ስፍራ ባይገቡ ኖሮ ሶስና ባልተፈተነች ነበርና።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በሶስና ታሪክ ውስጥ የተሰበሰበው ሕዝብ ጥፋቱ ምን ነበር? በእኛ መንደር እንዲህ ያለ ጥፋት የሚፈጸመው መቼ ነው?
2. በቤታችን ስልኩ በማን እጅ ይውላል? ሴቶች ልጆቻችን ለትምህርትና ለሥራ ሲፈልጉት ያገኙታልን?
3. የሰውን ክብር የሚነካ ምስል ቢደርሰን ምን እናደርጋለን? ከዚህ በፊትስ ምን አደረግን?
4. በእርቅ ሊያልቅ የሚችለውን ነገር ወደ ሕግ መሄድ ካለበት የምንለየው በምንድን ነው?
5. አንዲት ልጅ ተጨንቃ ብትመጣ በቁምስናችን ማንን ታነጋግራለች? ይህ ሰው መኖሩን ልጆቹ ያውቃሉን?

በተለይ አምስተኛው ጥያቄ ያለ መልስ እንዳይቀር አደራ እንላለን። ስብሰባው ከማለቁ በፊት እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚቀበሉ ሁለት የታመኑ ሰዎች፣ ቢያንስ አንዷ ሴት፣ ይመረጡ፤ ቆሞሱም በቅዳሴ መጨረሻ ለምእመናን ያስታውቁ። የሶስናን ጩኸት የሰማ አምላክ በዘመናችን ያሉትን ሶስናዎች ይጠብቅልን፤ ለእኛም የዳንኤልን ድፍረት ይስጠን። አሜን።